ስምህን ከማስመዝገብህ በፊት

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

በዛሬው ዝግጅታችን አንድ ወጣት “ውትድርና ልመዘገብ ነው” ብሎ ከቤት ሲነሳ ምን እንደሚጠብቀው እንነጋገራለን። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ሆነ በዘጌ፣ በጎርጎራ፣ በደልጊ፣ በመራዊ፣ በሐሙሲት ይህ ጥያቄ በቤታችሁ ያለ ብዙ ናችሁ። አንዱ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ስላጣ ነው። አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ መለዮ መልበስ ትመኝ ስለነበር ነው። ሌላው ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ስለሄዱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እኔ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚፈርም ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የሚያስደስተውንም የማያስደስተውንም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። እናቶችና አባቶችም ራዲዮኑን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ፤ ጉዳዩ የልጁ ብቻ አይደለም።

ከዕድሜ እንጀምር። ዝቅተኛው የመመዝገቢያ ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ኢትዮጵያ ልጆችን በጦርነት ማሳተፍን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም. ተቀብላለች። የራሳችን የወንጀል ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ በአንቀጽ 270 አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለጦርነት መመልመልን ከጦር ወንጀል ቆጥሮታል። አሥራ ሰባት ዓመት ከስድስት ወር የሆነው ልጅ ቁመቱ ቢረዝም፣ ጢሙ ቢያቀመቅም፣ ራሱም “ልሂድ” ብሎ ቢያለቅስ፣ ገና ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የኛ አካባቢ ችግር ይመጣል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ አሥራ ስምንት የሚሞላቸው ልጆች ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው የተወለዱ ናቸው። በገጠር ቀበሌዎች “የተወለደው የጎርፉ ክረምት ነው” ተብሎ የሚቆጠር ልጅ አሁንም አለ። ታዲያ ዕድሜ የሚረጋገጠው በክርስትና ካርድ፣ በትምህርት ቤት ማስረጃ፣ በቀበሌ ወይም በፋይዳ መታወቂያ ነው። መታወቂያ ላይ ዕድሜ መጨመር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚተባበረው አዋቂ ያገኛል። ወላጆች፣ ይህን አትተባበሩ። የተጨመረው ዕድሜ በኋላ በጡረታ ስሌትም፣ በትምህርት ማስረጃም፣ በሌላ ጉዳይም እየተከተለ ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ግን አጥንቱ ያልጠናውን ልጅ የአዋቂ ሸክም ታሸክማላችሁ።

ሁለተኛው ነገር ፈቃደኝነት ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ አረጋውያን ውትድርና ሲባል ፊታቸው የሚለዋወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች በ1975 ዓ.ም. የወጣውን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ቁጥር 236ን በሥጋቸው ያውቁታል። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር። በወረቀት ላይ ሥርዓት ያለው ነገር ነበር። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ የተጣለባቸውን ቁጥር ለመሙላት ልጅ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር ማንሳት ጀመሩ። አፈሳ የሚለው ቃል በእናቶች ጆሮ የቀረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ከ450 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ወደ ሲቪል ኑሮ መመለስ ነበረባቸው። ብዙዎቹ አገራቸው የገቡት ባዶ እጃቸውን ነው።

ይህን የማነሳው የሩቅ ታሪክ ለመተረክ ብዬ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ለምልመላ በሚል ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ጭምር፣ ያለ ፈቃዳቸው ተይዘው እንደነበር ማረጋገጡን ይፋ አድርጓል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ዛሬም የሚነሳ ጉዳይ ነው። ልጃችሁ ያለ ፈቃዱ ተወስዷል ብላችሁ ካመናችሁ የዕድሜ ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ቀበሌውና ወደ ፖሊስ ሂዱ፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ኮሚሽኑም ባሕር ዳር ቢሮ ስላለው እዚያ አመልክቱ። ለማስለቀቅ ገንዘብ አምጡ የሚላችሁ ካለ ያ ራሱ ወንጀል ነው፤ የጠየቀውን ሰው ማንነትና ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ።

ወደ ፈቃደኛው እንመለስ። የምልመላ ማስታወቂያ በራዲዮ ይነገራል፤ በቀበሌና በክፍለ ከተማ ሰሌዳ ላይም ይለጠፋል። በማስታወቂያው ላይ የዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቁመትና የክብደት፣ የጤና መስፈርት ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ “አሟላለሁ” ብሎ ይነሳል። እኔ ደጋግማችሁ እንድታነቡ የምፈልገው ግን ስለ አገልግሎት ዘመን የሚለውን መስመር ነው። ስንት ዓመት ለማገልገል ነው የምፈርመው? በመካከል መልቀቅ ይቻላል ወይ? በምን ምክንያት? ሠራዊቱ የሚተዳደረው በአዋጅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1100/2011። ፊርማህ ከዚያ አዋጅ ጋር ያስርሃል። መልማዩ “ይህ በኋላ ይነገርሃል” ካለህ፣ ወንድሜ፣ ያን ቀን አትፈርም። ነገ ተመልሰህ ጠይቅ። ለመመዝገብም አምስት ሳንቲም አይከፈልም። “በኔ በኩል ታልፋለህ” የሚል ደላላ ካገኛችሁ ጀርባችሁን ስጡት።

ከዚያ የጤና ምርመራ አለ። በኛ ሐይቅ ዳር ላደገ ልጅ የተለየ ምክር አለኝ። በጣና ውኃ ውስጥ ስትዋኝ፣ ዓሣ ስታጠምድ፣ ደንገል ስታጭድ ያደግህ ከሆነ ቢልሃርዝያ ሊኖርብህ ይችላል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ ጉበት እስኪጎዳ ድረስ ምልክቱ ላይታይ ይችላል። በጤና ጣቢያ በሰገራ ምርመራ ይታያል፣ በክኒን ይድናል። ወባም አለ። በአገራችን ካሉት ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። የትኛው ወባ እንደነበረብህ፣ መድኃኒቱንም ጨርሰህ እንደሆነ አስታውሰህ ለሚመረምርህ ሐኪም ተናገር። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም የቆየ ስብራት መደበቅ ደግሞ ለማለፍ ይጠቅም ይመስላል፤ ከሃያ ኪሎ ሸክም ጋር ሽቅብ ስትሮጥ ግን ሰውነትህ አይደብቅልህም። በምርመራ መውደቅ ውርደት አይደለም። አንዳንዱ ሕመሙን ያወቀው በዚያ ምርመራ ነው፤ ሕይወቱም የተረፈው በዚያ ነው።

ሰውነትን ማዘጋጀት ከሁለት ወር ቀድሞ መጀመር አለበት። በሥልጠና መጀመሪያ ላይ ከባዱ ችግር የልብ ድፍረት ማጣት አይደለም፤ የእግር ነው። ሩጫ ያልለመደ እግር በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር ሲጫንበት የቅልጥም አጥንቱ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በጊዜ ካልታየ ሙሉ ስብራት ይሆናል። ባሕር ዳር ያላችሁ ጥሩ ሜዳ አላችሁ። ከሐይቁ ዳር ተነስታችሁ ሜዳ ለሜዳ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፤ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሸክም ይዛችሁ። ጥፍራችሁን በቀጥታ ቁረጡ። ካልሲ ደረቅ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ምልምል ወታደር ከሰልፍ ወጥቶ ክሊኒክ የሚሰለፈው ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

(መሸጋገሪያ ዜማ)

ቀኑ ደረሰ እንበል። የሥልጠና ጣቢያዎቹን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሁርሶ በድሬዳዋ በኩል ነው፣ ጦላይ በደቡብ ምዕራብ፣ ብርሸለቆ ደግሞ እዚሁ ምዕራብ ጎጃም። ከባሕር ዳር ወደ ብርሸለቆ አቅጣጫ የሚሄድ መኪና በመራዊና በዳንግላ አልፎ የእንጅባራን ብርድ ይወጣና ወደ ቡሬ ወርዶ ሙቀት ውስጥ ይገባል። አንተ ግን ብርሸለቆ ቅርብ ስለሆነ ብቻ እዚያ እደርሳለሁ ብለህ አትቁጠር። የሚመድብህ ሠራዊቱ ነው፤ ሁርሶ ከተባልክ ሁርሶ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሁሉ ይከብዳሉ። ጎህ ሳይቀድ ፊሽካ ይነፋል። አልጋ የሚነጠፈው በልክ ነው። የምትበላበት ደቂቃ የተቆጠረ ነው። ፀጉርህ ይላጫል፤ ስልክህ ብዙ ጊዜ ይወሰድብሃል ወይም የምትደውልበት ሰዓት ይወሰናል። ስምህ ቀርቶ በተራ ቁጥርና በጓድህ ትጠራለህ። እናቱ ያበሰለችውን ብቻ በልቶ ያደገ ልጅ የካምፑን ወጥ አፉ ላይ ያንከራትተዋል፤ ኮቾሮ የሚባለውን ደረቅ ዳቦ መስበር ያቅተዋል። ሌሊት ዘብ ትወጣለህ። እንቅልፍ ያጥርሃል። አለቃው ይጮህብሃል፤ ለምን እንደሚጮህ ብዙ ጊዜ አይነግርህም። በዚህ ጊዜ የሚያለቅስ ወጣት ብዙ ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያለቅሰው። ይህን የምነግርህ ለማስፈራራት አይደለም። የደረሰብህ ጊዜ “ችግሩ የኔ ብቻ ነው” እንዳትል ነው። አጠገብህ ያለውም ያንኑ እያሰበ ነው፤ ከዚያው ጋር ተነጋገር። በሥልጠና ቦታ የተገኘ ጓደኛ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ወንድም ሆኖ ይቀራል።

ለምን እንደዚህ ይደረጋል? አንድ ክፍል በጨለማ፣ በጩኸት፣ በፍርሃት መካከል ትእዛዝ ሲሰማ አብሮ እንዲንቀሳቀስ ልማዱ አስቀድሞ በሰውነት ውስጥ መግባት ስላለበት ነው። ተጠንቀቅና አሳርፍ፣ ሰልፍና ማርሽ ለትርዒት ብቻ አይደለም። ግን በጥብቅነትና በበደል መካከል ድንበር አለ። ማስሮጥ፣ ማስነሳት፣ ቅጣት ሥራ መስጠት የሥልጠና ነው። መደብደብ፣ ገንዘብ መቀበል፣ በዘርና በሃይማኖት መስደብ፣ ሴት ምልምልን ማስቸገር ግን በየትኛውም ሠራዊት ሥርዓት ሥልጠና አይባልም። በኛ ሠራዊት ግምገማ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ አባላት ተሰብስበው የራሳቸውንም የአለቃቸውንም ሥራ ይነቅፋሉ። ቦታው በደንብ ከተመራ ጥሩ መድረክ ነው። እዚያ ስትናገር የሆነውን ነገር በቀንና በቦታ ተናገር፤ ስድብ አትጨምርበት።

ከዚያ መሣሪያ ይመጣል። ክላሹን ፈትቶ መግጠም፣ ማጽዳት፣ ኢላማ መተኮስ፣ ቦምብ መወርወር፣ ምሽግ መቆፈር፣ ካርታ ማንበብ፣ ቁስል ማሰር ትማራለህ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ቁስል ማሰርን እመርጣለሁ። ደም የሚያቆም እጅ ሰፈር ስትመለስም ያገለግልሃል፤ በኛ መንገድ በመኪና አደጋ የሚሞተውን ሰው ብዛት ታውቃላችሁ።

በምረቃው ቀን ቃለ መሐላ አለ። መሐላውን ከመግባትህ በፊት ሕገ መንግሥቱን፣ አንቀጽ 87ን አንብብ፤ ገጽ አይሞላም። ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንደሚሆን፣ የአገርን ልዑላዊነት እንደሚጠብቅ፣ ተግባሩንም ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንደሚያከናውን ይላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያውቅ ተራ ወታደር ለአለቃውም ለአገሩም ይጠቅማል።

ምደባ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጣና ልጆች ብዙ ጊዜ “ዋና እችላለሁ፣ ታንኳም እቀዝፋለሁ፣ ባሕር ኃይል ልግባ” ይላሉ። ባሕር ኃይላችን በ1940ዎቹ ማብቂያ ምፅዋ ላይ የተመሠረተ፣ ኤርትራ ከተለየች በኋላ የተበተነ ነው። በ2010 ዓ.ም. እንደገና እንዲቋቋም ተወሰነ፤ አዋጅ 1100/2011ም ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎታል። ምኞቱ ደስ ይላል። ግን እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ሾፌር፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ምግብ ቤት የሚሆነውን የሚወስነው የክፍሉ ፍላጎት ነው። በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ያለህ ከሆነ ስለ መከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ ቢሾፍቱ ስላለው፣ መግቢያውንና የሚያስገባውን የአገልግሎት ግዴታ ገና ሳትመዘገብ ጠይቅ። “ከገባህ በኋላ ያስተምሩሃል” የሚለው ወሬ በጽሑፍ ካልተሰጠህ ወሬ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ወዴት እላካለሁ? አታውቅም። ወደ ድንበር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሶማሌ ክልል በረሃ፣ ወደ አፋር፣ ወደ ጋምቤላ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ውጊያ መኖሩን ሁላችን እናውቃለን፤ ባሕር ዳርም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የተኩስ ድምፅ ሰምታለች። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ልጅ ሲመዘገብ በራሱ ክልል፣ የአጎቱ ልጅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሊሰማራ እንደሚችል ከወዲሁ ማሰብ አለበት። ቤተሰቡም ከጎረቤት ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ አለበት። ለዚህ መልስ ልሰጣችሁ አልችልም፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ነው። የምለምናችሁ ሳትነጋገሩ እንዳትለያዩ ነው። ልጅ በሌሊት ሹልክ ብሎ ሄዶ ተመዝግቦ፣ እናት ወሬውን ከጎረቤት የሰማችበት ቤት ቁስሉ ቶሎ አይሽርም።

የጦርነት ሕግንም እወቁ። ኢትዮጵያ የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች አባል ናት። ወታደር የማረከውን ሰው አይገድልም፤ የቆሰለውን፣ የኛም ይሁን የነሱ፣ ያነሳል፤ ሲቪል ላይ አይተኩስም፤ ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት የጦር ሜዳ አያደርግም። “አለቃዬ አዝዞኝ ነው” ማለት ሁልጊዜ አያድንም። የወንጀል ሕጋችን ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታችም ተጠያቂ ያደርጋል። በሃያ ዓመት ዕድሜ የተሠራ ነገር በአርባ ዓመት ዕድሜ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ባይጠይቅ እንኳ እንቅልፍ ይጠይቃል።

(መሸጋገሪያ ዜማ)

ስለ ገንዘብ እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህን ነው። በጥንቱ ዘመን ወታደር ደሞዝ አልነበረውም፤ በገበሬ ቤት እየተመራ የገበሬውን እህል ይበላ ነበር። ከሐይቃችን ምዕራብ፣ ከቋራ የተነሡት አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1845 ዓ.ም. እዚሁ ደምቢያ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ድል ካደረጉ በኋላ ወደ ዙፋን ሲወጡ ይህን ለመለወጥ ሞክረው ነበር፤ ወታደሩ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደሞዝ እንዲያገኝ ፈለጉ። ግምጃ ቤቱ አልቻለም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ዛሬ ወታደር ደሞዝተኛ ነው። ምግብ፣ ልብስ፣ መኝታ፣ ሕክምና ይሰጠዋል። የተራ ወታደር ደሞዝ ግን ቤት አያሠራም፤ ለቤተሰብ የሚላከው ትንሽ ነው። የሚያድገውም በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ነው፤ ምክትል አሥር አለቃ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያለ።

“ሰላም ማስከበር እሄዳለሁ፣ ዶላር አገኛለሁ” የሚለውም ተስፋ አለ። አገራችን በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በቡሩንዲ፣ በዳርፉር ሠራዊት አሰማርታለች፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በአቢዬ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ለእያንዳንዱ ወታደር የሚከፍለው ሒሳብ ግን የሚገባው ለላኪው አገር መንግሥት ነው፤ ለወታደሩ የሚደርሰውን መንግሥት ይወስናል። ለግዳጁ የሚመረጠውም ልምድ ያለው ነው። ያን ተስፋ አድርጎ መመዝገብ አዋጪ አይደለም።

ጡረታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወጣቶች አይሰሙትም፣ ወላጆች ግን ይሰሙታል። በጡረታ ሕጋችን ከወታደሩ ደሞዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርበታል። የጡረታ አበል መብት በመሠረቱ አሥር ዓመት አገልግሎትን ይጠይቃል። በግዳጅ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ማስረጃ ነው። ስለዚህ የደረሰብህ ጉዳት፣ ትንሽም ቢሆን፣ በሐኪም መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አድርግ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር ይጻፍ። ኮፒውን ቤት አስቀምጥ። ከዓመታት በኋላ ጆሮው አልሰማ ያለው፣ ወገቡ አልታጠፍ ያለው ሰው “ያን ጊዜ ነው የተጎዳሁት” ሲል የሚታመነው ወረቀቱ ነው። ወታደሩ ቢሞት ደግሞ ሕጉ የትዳር ጓደኛን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች፣ በሟቹ ይረዱ የነበሩ ወላጆችን ያውቃል። የትዳር ማስረጃ ሳይኖር፣ የልጅ ልደት ሳይመዘገብ የሚቀር ከሆነ ሚስትና ልጅ በፍርድ ቤት ደጅ ይንከራተታሉ። ከመሄድህ በፊት ጋብቻህን አስመዝግብ፤ የልጅህን ልደት አስመዝግብ። የባንክ ሒሳብ ክፈት። ለእናትህ ወይም ለወንድምህ በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ስጥ። በስምህ የገጠር መሬት ካለ ማን እንደሚያርሰው ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደህ ጠይቅ፤ “ዘመድ ያርሰዋል” ብለህ ብቻ አትሂድ።

እህቶቼ፣ ለናንተም የምለው አለኝ። ሥልጠናው አንድ ነው፤ ሩጫውም ሸክሙም አይቀነስም። የንጽሕና መጠበቂያ ለወራት የሚበቃ ያዙ፤ ካምፕ ውስጥ ሱቅ ሁልጊዜ አይገኝም። ከአለቃ በኩል ያልተገባ ጥያቄ ከመጣ በመጀመሪያው ቀን ለሌላ ሴት ንገሪ፣ ከዚያም ወደ ላይ አመልክቺ። ዝም ማለት ሰውየውን አያለዝበውም።

መልቀቅ ለሚያስብ ደግሞ እውነቱ ይህ ነው። ከፈረሙ በኋላ ያለ ፈቃድ ክፍልን ትቶ መሄድ፣ ኩብለላ የሚባለው፣ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ቅጣቱ በጦርነት ጊዜ ይከብዳል። ከስልክ ላይ የሰማኸው “ጓደኛዬ ጠፍቶ መጥቶ ምንም አልሆነም” የሚል ወሬ ዋስትና አይሆንህም። ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር ካለ መንገዱ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ለዚህ ነው ከመፈረም በፊት ስለ መልቀቂያው ጠይቁ ያልኩት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲሄድ የክፍሉን ስም፣ የክፍለ ጦሩን፣ የሻለቃውን፣ የሻምበሉን መጠሪያ፣ የመለያ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። ከግዳጅ የተነሳ ለወራት ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ጠይቁ። በግጭት ምክንያት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ቀይ መስቀል ይሠራል፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው፤ መጠየቁ አያስከፍልም። በፌስቡክ የሚወጣ የሟቾች ፎቶ ላይ ልጃችሁን አትፈልጉ። ስንት እናት በሕይወት ላለ ልጇ ለቅሶ ተቀምጣለች።

በመጨረሻም ስለ መመለስ። ከውትድርና የሚመለሱ ሰዎችን ሥራ የሚያገናኝ ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ነው። ከ1983 በኋላ ለቀድሞው ሠራዊት አባላት ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ100 ሺህ በላይ ወታደሮች ተሰናብተዋል፤ አሁንም ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የሚባል ተቋም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ለመመለስ አቅዶ ይሠራል። በወረቀቱ ያለው ሌላ፣ በቤት ያለው ሌላ ነው። የተመለሰው ልጅ ሌሊት ሊባንን ይችላል። የሠርግ ርችት ሲፈነዳ መሬት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቁጣው ሊቀርብ፣ ዝምታው ሊበዛ፣ መጠጥ ሊያበዛ ይችላል። “ሰይጣን ያዘው” አትበሉ፣ “ፈሪ ሆኖ መጣ” አትበሉ። ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። ጸበል የሚወስደው ቤተሰብም ይውሰድ፤ ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ። ራሱን ስለመግደል ከተናገረ ቃሉን እንደ ቀልድ አትውሰዱት፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ አርቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ውትድርና በቁርጠኝነት የሚገባበት፣ ክብርም ያለው ሙያ ነው። የኛ አካባቢ ልጅም ከሌላው አካባቢ ልጅ ጋር አንድ ካምፕ አድሮ፣ አንድ ኮዳ ውኃ ተካፍሎ የሚያድግበት ዕድል ይሰጣል፤ ይህን በብዙ የቀድሞ ወታደሮች ላይ አይቻለሁ፣ አደንቀዋለሁም። ለዚያ ክብር የሚመጥነው አውቆ የገባ ሰው ነው። ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች ጽፋችሁ ላኩልን፤ በተለይ ስለ ዕድሜ ማስረጃና ስለ ጡረታ የምትጽፉልንን ለሕግ ባለሙያ አቅርበን በሚቀጥለው ዝግጅት እንመልሳለን።

(የመዝጊያ ዜማ)